የአርባው ኤከር ወረቀት

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ «ሃዋርድ» የሚለው ስም የሰፈር ስም ያህል ነው። ከዩ ጎዳና ሽቅብ በጆርጂያ አቬኑ ሲወጡ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ አጠገቡ ሆስፒታሉ አለ። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማረው እዚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከስሙ ጀርባ ያለውን ሰውዬ፣ ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድን፣ ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም እሱ በጻፈው ሳይሆን ለእሱ በተጻፈለት ደብዳቤ።

ደብዳቤው የ1865 መኸር ነው። የጻፉት በሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ ባለችው ኤዲስቶ ደሴት የሚኖሩ፣ ከባርነት ከወጡ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው ገበሬዎች ናቸው። እንዲህ ይላል፦ የደሴታችንን ባለመሬቶች ይቅር በሉ አልከን፤ አንተ በጦርነቱ ያጣኸው ቀኝ ክንድህን ብቻ ነው፣ ይቅር ልትላቸው ትችል ይሆናል።

ይህች «ብቻ» ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ክንዱን ላጣ ሰው «ብቻ» የሚል ሰው ምን ቢያጣ ነው? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት እንደጠበቅሁት ስለ ጅራፍ ብቻ የሚያወራ አልነበረም። ስለ ወረቀት ነበር። ስለ ይዞታና ስለ ስመ ሀብት። ክፍለ ከተማ ደጅ ጠንቶ ለሚያውቅ የአገሬ ሰው ደግሞ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

የአሜሪካንን የእርስ በርስ ጦርነት እዚህ አልተርክም። በኤፕሪል 1861 ተጀመረ፣ በኤፕሪል 1865 አበቃ፤ በድሮው ግምት 620,000 ሰው ሞተበት፤ አዳዲስ ግምቶች ወደ 750,000 ያደርሱታል። ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ከባርነት ወጣ። 180,000 ያህል ጥቁር ወታደር ባርነትን ላለመተው በተገነጠለው ደቡብ ላይ ለሰሜኑ መንግሥት ተዋጋ። እኔን የያዘኝ ከድሉ ማግስት ያሉት ጥቂት ወራት ናቸው።

ሃያዎቹ ሰባኪዎች

የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸርማን ጆርጂያን አቋርጦ የወደብ ከተማዋን ሳቫናን የያዘው ዲሴምበር 1864 ነው። ከሠራዊቱ ኋላ በሺዎች የሚቆጠር ከባርነት ያመለጠ ሕዝብ ይከተለው ነበር፤ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው። ሸርማን ለጥቁሮች ልዩ ፍቅር የነበረው ሰው አይደለም። የሚፈልገው ይህ ሁሉ ሰው ከመንገዱ ላይ እንዲነሳለት ነው። የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ከዋሽንግተን መጣና ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ማታ ሸርማን ባረፈበት ቤት ሃያ ጥቁር የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ተጠሩ።

ስለ እነሱ ለመናገር የመረጡት ጋሪሰን ፍሬዚየር የሚባሉ የ67 ዓመት ባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በፊት ራሳቸውንና ሚስታቸውን በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር ገዝተው ነፃ የወጡ ሰው ናቸው። ጥያቄውና መልሱ በጽሑፍ ተይዟል። ባርነት ምን ማለት ነው ሲሏቸው፣ የሌላውን ሰው ሥራ ሊቋቋሙት በማይቻል ኃይል፣ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ነው አሉ። ራሳችሁን እንዴት ታስተዳድራላችሁ ሲሏቸው፣ መሬት ማግኘት፣ መሬቱንም በገዛ ጉልበታችን ማረስ አሉ። ከነጮች ጋር ተቀላቅላችሁ ነው ወይስ ለብቻችሁ መኖር የምትፈልጉት? ለብቻችን፤ በደቡብ ያለው ጥላቻ በቶሎ የሚለቅ አይደለም፣ ዓመታት ይወስዳል። በዚህች ላይ ከሃያዎቹ አንዱ፣ ጄምስ ሊንች፣ አልተስማማም።

አንዲት ነገር አለፍ ብዬ ልንገራችሁ። ስታንተን ስለ ሸርማን ያላቸውን አስተያየት ሊጠይቃቸው ሲል ጄኔራሉን ከክፍሉ አስወጣው። የድል አድራጊውን ጄኔራል፣ ባረፈበት ቤት! እነዚያ ሃያ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በዓይናቸው አይተው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ምን ብለው እንደተነጋገሩ የጻፈ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ።

ትዕዛዝ ቁጥር 15

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 16፣ ሸርማን ልዩ የጦር ሜዳ ትዕዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። ከቻርለስተን ወደ ደቡብ ያሉት ደሴቶች፣ ከባሕሩ 30 ማይል ድረስ በወንዞቹ ዳር ያሉት የተተዉ የሩዝ እርሻዎች፣ እንዲሁም በፍሎሪዳ የሴንት ጆንስ ወንዝ ዳርቻ ለጥቁሮች መስፈሪያ ተለዩ። አሠራሩ ይህ ነው። ሦስት የቤተሰብ ኃላፊዎች ተባብረው ቦታ ይመርጣሉ፤ ለዚሁ የተሾመው መኮንን፣ ጄኔራል ሩፈስ ሳክስተን፣ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚታረስ መሬት ይለካለታል፣ ከ40 ኤከር አይበልጥም። ቦታው መርከብ በሚገባበት ውኃ ዳር ከሆነ ደግሞ በውኃው በኩል ያለው ስፋት ከ800 ጫማ እንዳያልፍ ተደንግጓል። ይህች አንቀጽ ትንሽ ትመስላለች። በእነዚያ ደሴቶች ግን መንገዱ ውኃው ነው፤ ጥጥህን ጀልባ ላይ የምትጭንበት ዳር ከሌለህ 40 ኤከርህ ደሴት ላይ ያለ እስር ቤት ነው። ዳርቻውን አንድ ሰው ጠቅልሎ እንዳይዘው የታሰበች ይመስለኛል።

40 ኤከር በእኛ ልኬት 16 ሄክታር ግድም፣ ከግማሽ ጋሻ ያነሰ ነው። የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከፍተኛ ብሎ ያስቀመጠው 10 ሄክታር እንደነበረ ላስታወሰ ሰው፣ ትንሽ መሬት አይደለም። በአፈ ታሪክ «አርባ ኤከርና አንድ በቅሎ» ስለሚባለው፣ ትዕዛዙ ውስጥ በቅሎ የምትባል የለችም። ሠራዊቱ ከአገልግሎት ያስወጣቸውን ለአንዳንዶቹ ስለሰጠ ነው በቅሎዋ ከኤከሩ ጋር ተጣብቃ የቀረችው።

በጁን 1865 ወደ 40,000 ሰው 400,000 ኤከር በሚጠጋ መሬት ላይ ሰፍሮ ነበር። ዘርቷል፣ አርሟል፣ ጎጆ ቀልሷል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ትዕዛዙ ለሰፋሪዎቹ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ያዘዘው የይዞታ ማስረጃ ነው። ስመ ሀብት አይደለም። ይዞታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ሰበካ አያስፈልግም። ልታርስበት፣ ልትኖርበት፣ አጥር ልታጥርበት ትችላለህ፤ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ትዕዛዙ ራሱ ይህን አልደበቀም፤ ኮንግረስ የባለቤትነቱን ነገር እስኪወስን ድረስ ይላል።

ችግሩ ብዙ ድርብ ነበረው። አንደኛው፣ መሬቱ የተሰጠው በጦር አዛዥ ሥልጣን ነው፤ ጦርነት ሲያልቅ ሥልጣኑ ምን ይሆናል? ከዚህ የባሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት መሬቱን ጥሎ ሸሸ እንጂ በፍርድ ቤት ውሳኔ አልተነጠቀም። በጁላይ 1862 የወጣው የውርስ ሕግ የአማፂዎችን ንብረት ለመውረስ ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንት ሊንከን በሕገ መንግሥቱ ምክንያት ስለሠጋ፣ ውርሱ ከአጥፊው ዕድሜ እንዳያልፍ የሚል ማብራሪያ ተጨመረበት። ሰውየው ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ ይመለሳል ማለት ነው። ለሰላሳ ዓመት ቡቃያ ተክለህ በአንድ ቀብር ማግስት ልትነሣ።

ኮንግረስ ከባርነት የወጡትን እንዲረዳ ማርች 3 ቀን 1865 ያቋቋመው የነፃ ወጪዎች ቢሮም ነገሩን አላጠበቀውም። በሕጉ አራተኛ አንቀጽ፣ ነፃ የወጣ ሰው እስከ 40 ኤከር ለሦስት ዓመት ይከራያል፤ ኪራዩ መሬቱ በ1860 ለግብር በተገመተበት ዋጋ ከመቶ 6 አይበልጥም። እንበል ኤከሩ 10 ዶላር ተገምቶ ከነበር፣ 40ው ኤከር 400 ዶላር ነው፤ የዓመት ኪራዩ 24 ዶላር። የሚከፈል ነው። ከዚያ መግዛት ይችላል፤ ሲገዛም የሚያገኘው «ዩናይትድ ስቴትስ ልታስተላልፈው የምትችለውን ስመ ሀብት» ነው ይላል። ሻጭ ቤት ሲሸጥልህ ውሉ ላይ «እኔ ያለኝን ያህል መብት» ብሎ ቢጽፍ ትፈርማለህ? መንግሥት እንዲያ ብሎ ጻፈ።

ይቅርታ ሲታደል

ሊንከን በኤፕሪል 1865 ተገደለ፤ ምክትሉ አንድሩ ጆንሰን ተተካ። ሜይ 29 ላይ የምሕረት አዋጅ አወጣ። የታማኝነት ቃለ መሐላ የፈጸመ ሁሉ ይቅርታ ያገኛል፤ ከባሪያዎቹ በቀር ንብረቱም ይመለስለታል። ከ20,000 ዶላር በላይ ግብር የሚከፈልበት ሀብት የነበራቸውና ሌሎች ጥቂት ዓይነት ሰዎች ግን ለፕሬዚዳንቱ በግል ማመልከት ነበረባቸው። ትልልቆቹ ባለእርሻዎች ማለት ነው። ለጊዜው በደጅ ጥናት ያዋረዳቸው መሰለ። ኋላ ይቅርታውን እንደ ጠበል ረጨው።

የቢሮው ኃላፊ ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ነበር። ቀኝ ክንዱን ጁን 1 ቀን 1862 ሪችመንድ አጠገብ በተደረገ ውጊያ ያጣ፣ ከሃይማኖቱ ጥብቅነት የተነሣ «ክርስቲያኑ ጄኔራል» የሚሉት ሰው። ጁላይ 28 ላይ ሰርኩላር ቁጥር 13ን አወጣ፦ ሠራተኞቹ 40 ኤከር 40 ኤከር እየለዩ እንዲያዘጋጁ፣ የፕሬዚዳንቱ ይቅርታም በቢሮው እጅ ያለውን መሬት እንደማይመለከት። ጆንሰን ይህን አሻረው። ሴፕቴምበር 12 ላይ በዚያው በሃዋርድ ስም ሰርኩላር ቁጥር 15 ወጣ፦ በፍርድ ቤት ተወርሶ ከተሸጠው በቀር፣ መሬቱ ለይቅርታ ተቀባዩ ይመለስ። በሁለቱ መካከል 46 ቀን አለ። ባለመሬቱ የሚጠበቅበት ሁለት ነገር ማቅረብ ነው፣ የይቅርታውን ወይም የመሐላውን ቅጂ እና የቀድሞ ስመ ሀብቱን ማስረጃ። ለአራሹ የቀረችለት፣ የዘራውን እስኪሰበስብ መቆየት ናት።

ሁለቱን ወረቀቶች አስቡ። በአንድ በኩል በጦርነቱ ወቅት የተጻፈ የይዞታ ማስረጃ። በሌላ በኩል ከአያት የወረደ ስመ ሀብትና ባለማኅተም ይቅርታ። የተዋጋው ማን ነው፣ የወጋው ማን ነው የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ የለም።

ኤዲስቶ

ጆንሰን ለሕዝቡ አስታርቀህ ንገር ብሎ የላከው ራሱን ሃዋርድን ነው። ኦክቶበር 1865 ኤዲስቶ ደረሰ። ሕዝቡ በደሴቲቱ ካሉት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ተሰብስቦ ጠበቀው፤ ታችም ሰገነቱም ሞልቷል። የመጣበትን ነገር ቀድመው ሰምተዋል። ሃዋርድ ኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ ጫጫታው በርትቶ መናገር አቃተው፤ ቆይቶ አንዲት ሴት ከመካከል የኀዘን መዝሙር አነሣች፣ ሌላውም ተቀበላት። ዝም ሲሉ ተናገረ። መሬቱ ለባለቤቶቹ እንደሚመለስ፣ ከእነሱ ጋር የሥራ ውል ቢፈራረሙ እንደሚሻል። ከሰገነቱ አንድ ሰው ጮኸ፦ ጄኔራል ሃዋርድ፣ ለምን መሬታችንን ትወስድብናለህ? ለመንግሥት ታማኝ ከሆንነው ወስደህ ለጠላቶቻችን ትሰጣለህ፤ ይህ ልክ አይደለም!

ሦስት ሰዎች ወኪል ሆነው ተመረጡ፤ ሄንሪ ብራም፣ ኢሽማኤል ሞልትሪና ያትስ ሳምፕሰን። ከላይ የጠቀስኩት ደብዳቤ የእነሱ ነው። ከ«ብቻ» ቀጥሎ ያለው እንዲህ ነው፦ ዛፍ ላይ አስሮ 39 ጅራፍ የገረፈኝ፣ እናቴንና እህቴን ገፎ የገረፈ፣ እርሻውን ካላረስኩለትና በወሰነው ዋጋ ካልተስማማሁ ባዶ ጎጆው ውስጥ እንኳ አላስቀምጥም የሚለኝ፣ መሬት እንዳላገኝም ከሌሎች ጋር የሚዶልት ሰው፣ ያን ሰው ይቅር ማለት ይከብደኛል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የምንለው ነው። ግን ደጋግሜ ሳነበው ሐረጉ ወዴት እንደሚያዘነብል ልብ አልኩ። ጅራፉ በኃላፊ ጊዜ ነው። ጎጆው፣ ዋጋው፣ ዱለታው በአሁን ጊዜ ናቸው። ስለ ትናንት ቂም ብቻ አይደለም የሚያወሩት፤ የነገውን ሰንሰለት አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነው። በዚያው ደብዳቤ፣ የአባቶቻችንን አጥንት የምናሳርፍበት ያህል መሬት እንኳ እንዳናገኝ ተዶለተብን ይላሉ። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለን፤ አፅመ ርስት። ሰዎቹ የኛን ቃል ሳያውቁ ከነአጥንቱ ጻፉት።

ሃዋርድን ምን ልበለው? አልዋሸም። ሥልጣኑን ግን አልለቀቀም። ሳክስተን መሬቱን አልመልስም ብሎ አንገራገረ፣ በጃንዋሪ 1866 ተነሣ። ሃዋርድ ቆየ፤ በመቆየቱም ትምህርት ቤቶቹ ተሠሩ፣ በ1867 ስሙን የያዘው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። እዚህ ላይ ስንት ጊዜ ተመላልሼ እንዳሰብኩ አልነግራችሁም። ሁለቱም ትክክል ናቸው የሚል ምላሽ ያናድደኛል፤ ነገር ግን ሳክስተን ተነሥቶም መሬቱ እንደተመለሰ ነው።

ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር

መሬት የሌለው ነፃ ሰው ምን ዓይነት ሕይወት ገፋ? የሚሲሲፒ ሕግ በ1865 መጨረሻ፣ ጥቁር ሰው ከከተማ ውጭ መሬት እንዳይከራይ ከለከለ፤ በየጃንዋሪው ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጥሎ ከሄደ እስከዚያ የሠራበትን ደመወዝ በሙሉ እንዲያጣ ደነገገ። እነዚህ ሕጎች ብዙም ሳይቆዩ ተሻሩ። ጥጡ ግን የራሱን ሕግ ይዞ መጣ።

የእኩል እርሻ የምንለው ነው። ባለመሬቱ መሬት፣ ጎጆ፣ በቅሎ፣ ማረሻና ዘር ያቀርባል፤ አራሹ ጉልበቱን ከነቤተሰቡ ያቀርባል፤ ምርቱ እኩል ይካፈላል። በቅሎና ዕቃ የራሱ የሆነ አራሽ የበቆሎውን ሲሶ፣ የጥጡን ሩብ ብቻ ይከፍላል። የመሬት ላራሹን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። የማያውቀው ሱቁን ነው። ውል በጃንዋሪ ይፈረማል፣ ጥጥ የሚሸጠው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በመካከል የሚበላው ዱቄትና የአሳማ ሥጋ ከሱቅ በዱቤ ይመጣል፤ መያዣው ገና ያልበቀለው ጥጥ ነው። ባለሱቁ ደግሞ ጥጥ ካልዘራህ ዱቤ የለም ይላል፤ ሌሊት ተሰርቆ አይበላማ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

በቁጥር ላሳያችሁ፤ ምሳሌ ነው። ቤተሰቡ በዓመት 8 እስር ጥጥ አገኘ እንበል። አንዱ እስር 500 ፓውንድ ነው፤ እሱን ለማግኘት ፍሬው ያልወጣለት 1,500 ፓውንድ ያህል ጥጥ ለቅሞ ማስዳመጥ ያስፈልጋል። ፓውንዱ 10 ሳንቲም ከተሸጠ 400 ዶላር። እኩሌታው 200። በሱቁ መዝገብ ያለው ዕቃ በእጅ በእጅ ቢገዛ 150 ዶላር ነበር፤ በዱቤ ዋጋ የመቶው ዕቃ በ140 ሲታሰብ 210 ሆነ። ዓመት ሙሉ ለፍቶ 10 ዶላር ዕዳ። ዕዳው ወደ ሚቀጥለው ጃንዋሪ ውል ይዞራል። መዝገቡን የሚጽፈው ባለሱቁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለመሬቱና ባለሱቁ አንድ ሰው ነው። በጦርነቱ ማግስት ከ30 ሳንቲም በላይ የነበረው የጥጥ ዋጋ ደግሞ በ1890ዎቹ አጋማሽ ከዚህ ምሳሌ ግማሽ አካባቢ ወረደ።

ለማምለጫ የተሰጠች አንዲት በር ነበረች። በጁን 1866 በወጣው ሕግ በአምስት የደቡብ ግዛቶች 46 ሚሊዮን ኤከር የመንግሥት መሬት ተከፈተ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነፃ የወጡትና ለመንግሥት ታማኝ የነበሩት ብቻ እንዲያመለክቱ። ስድስት ወር። ያን ስድስት ወር ግን አብዛኞቹ በጃንዋሪ በፈረሙት ውል ታስረዋል፤ ለቀው ቢሄዱ ድርሻቸውን ያጣሉ። መሬቱም አብዛኛው ጥድና ረግረግ ነበር፤ ለመመንጠር መጥረቢያ፣ እስኪያፈራ ስንቅ ይጠይቃል።

ሴንት ሄለና

ከኤዲስቶ ብዙም ሳትርቅ፣ በዚያው ባሕር ዳርቻ ወደ ደቡብ፣ ሴንት ሄለና ደሴት አለች። ሁለቱም በሸርማን ትዕዛዝ ክልል ውስጥ ናቸው። በሴንት ሄለና ግን ብዙዎቹ መሬታቸውን ይዘው ቀሩ። ሕዝቡ አልተለየም፣ አፈሩ አልተለየም። የተለየው ግብር ነው።

ሰሜኖቹ እነዚህን ደሴቶች የያዙት በኖቬምበር 1861 ነው፤ ባለእርሻዎቹ ሸሹ። በጁን 1862 በወጣ ሕግ የጦርነት ግብር ተጣለ፤ ያልከፈለ ሰው መሬት በሐራጅ ይሸጣል። ሹሞቹ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ይክፈል አሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ በጠላት ወገን ነው። ማርች 1863 ሐራጁ ተጀመረ። አብዛኛውን መንግሥት ራሱ ገዛ፤ ጥቂት ነፃ ወጪዎችም ገንዘብ አዋጥተው ገዙ። ጆንሰን ይቅርታ ሲያድል ይህ መሬት የሚመለስ አልነበረም፤ በግብር ሐራጅ የተላለፈ ስመ ሀብት ነውና። በጁላይ 1866 ኮንግረስ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ ሽሮ ባጸደቀው ሕግ፣ ከሸርማን መሬት የተነሡ ሰዎች ከዚህ ላይ 20 ኤከር፣ ኤከሩን በ1 ዶላር ከ50 እንዲያገኙ ተፈቀደ። 30 ዶላር ማለት ነው።

በግብር ሐራጁ ከገዙት አንዱ ሮበርት ስሞልስ ነው። በሜይ 1862 ገና ባሪያ ሳለ፣ ነጮቹ መኮንኖች ከተማ ሲያድሩ የጦር መርከቧን ፕላንተርን ከቻርለስተን ወደብ አስነሥቶ፣ የካፒቴኑን የሣር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ለምሽጎቹ ትክክለኛውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜኖቹ ያለፈ ሰው። ኋላ ቦፈርት ከተማ ባሪያ ሆኖ የተወለደበትን የጌታውን ቤት ከግብር ሐራጅ ገዛ። የቀድሞዎቹ ወገኖች ከሰሱት። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1878 ስሞልስ ረታ። ፍርድ ቤቱ የተነጋገረው ስለ ፍትሕ ወይም ስለ ጅራፍ አልነበረም፤ የግብር ሐራጁ ሰርተፊኬት ይጸናል ወይስ አይጸናም በሚለው ላይ ነው። ጸና።

በእነዚህ ደሴቶች ዛሬም የእነዚያ ሰዎች ዘሮች አሉ። አያቶች ያለ ኑዛዜ ሞቱ፤ መሬቱ ሳይከፈል ለልጆች፣ ለልጅ ልጆች ወረደ፤ አንድ ቁራሽ መሬት የሃያ፣ የሰላሳ ሰው የጋራ ሀብት ሆነ። ኒው ዮርክ ያለ አንድ ወራሽ ድርሻውን ለባለሆቴል ከሸጠ፣ ገዢው ፍርድ ቤት ሄዶ መሬቱ በሙሉ በሐራጅ ይሸጥ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ብዙ መሬት የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ መሬቱ ለሐራጅ ከመውጣቱ በፊት ሌሎቹ ወራሾች የሻጩን ድርሻ በተገመተ ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። ለዚያም ወራሽ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።